5,000 ኪሎ ሜትር ለማን? ስለ ሞተር ዘይት ለጅማ አሽከርካሪዎች የተደረገ ንግግር

ይህ ጽሑፍ ጅማ ላይ ለባለመኪናዎች፣ ለሹፌሮችና ለመካኒኮች ካደረግኩት ንግግር የተወሰደ ነው። ለንባብ እንዲመች ጥቂት አስተካክዬዋለሁ።

እንደምን አደራችሁ? አካም ቡልተን? እሑድ ጠዋት ከቤታችሁ ወጥታችሁ ስለ ዘይት ለመስማት በመምጣታችሁ በጣም ደስ ብሎኛል። የሚኒባስና የአይሱዙ ሹፌሮች አያለሁ። ባጃጅ የሚነዱ ልጆችም አሉ። ከኋላ ደግሞ ከጋራዥ የመጡ ወንድሞች ተቀምጠዋል። ስለዚህ ዙሪያ ጥምጥም አልሄድም፤ በቀጥታ ወደ ጉዳዩ ልግባ።

"ዘይት በስንት ኪሎ ሜትር ይቀየራል?" ብላችሁ ማንንም ብትጠይቁ መልሱ አንድ ነው፤ በ5 ሺህ። ዘይት ስታስቀይሩ በሩ ላይ የምትለጠፈው ወረቀትም የምትለው ይህንኑ ነው። ቁጥሩ መጥፎ አይደለም። ብዙ ሞተር አድኗል። ግን ለሁሉም መኪና፣ ለሁሉም መንገድና ለሁሉም ዘይት አንድ ሆኖ ሲነገር እኔን ያሳስበኛል። ምክንያቱም በዚህ ቁጥር ተማምነው ሞተራቸው ተበላሽቶ ለጥገና የሚያስወርዱ ሰዎች አሉ። ሞተር ማስወረድ ደግሞ ዛሬ ስንት እንደሚፈጅ እዚህ ላለ ሰው መንገር አያስፈልግም።

ሁለት መኪና እናስብ። አንደኛው ከጅማ አዲስ አበባ የሚመላለስ ሚኒባስ ነው። መንገዱ ወደ 350 ኪሎ ሜትር ነው፤ ደርሶ መልስ 700። ሰባት ጊዜ ሲመላለስ 5 ሺውን ሊሞላ 100 ኪሎ ሜትር ብቻ ይቀረዋል። ሁለተኛዋ የቤት መኪና ናት፤ ቪትዝ እንበል። ከቆጪ ወደ ፈረንጅ አራዳ ለሥራ ትወጣለች፣ ልጆች ትምህርት ቤት ታደርሳለች፣ ገበያ ቀን ሂርማታ ደርሳ ትመለሳለች። በቀን 10 ኪሎ ሜትር ብትሄድ 5 ሺህ ለመሙላት 500 ቀን ያስፈልጋታል። አንድ ዓመት ከአራት ወር በላይ ማለት ነው።

የትኛው ዘይት ቶሎ የሚበላሽ ይመስላችኋል? ብዙ ሰው ሚኒባሱ ነው ይላል። ያ ሁሉ መንገድ፣ ያ ሁሉ ሰው፣ ያ ሁሉ ጭነት! ነገር ግን 5 ሺህ ላይ ሲደርሱ የሁለቱንም ዘይት አውጥተን ብናስመረምር ብዙ ጊዜ የባሰው የቪትዟ ሆኖ እናገኘዋለን። ትንሽ የምትሄደው መኪና ናት ዘይቷን በቶሎ የምትጨርሰው።

ለምን? ከውሃ ልጀምር። አንድ ሊትር ቤንዚን ሲቃጠል ወደ አንድ ሊትር የሚጠጋ ውሃ ይወጣዋል። ቤንዚኑ ውስጥ ያለው ሃይድሮጅን ከአየሩ ኦክስጅን ጋር ይገናኝና ውሃ ይሆናል። አብዛኛው በእንፋሎት መልክ በማርሚታው ይወጣል። ጠዋት መኪና ስታስነሱ ማርሚታው ጫፍ ላይ ጠብ ጠብ የሚለው እሱ ነው። ጥቂቱ ግን በፒስተኑ ፋሻ (ፒስተኑን በሚከበው ቀለበት) ዳር ሾልኮ ወደ ታች፣ ወደ ዘይቱ ይወርዳል። ያልተቃጠለ ቤንዚንም አብሮት ይወርዳል። ሞተሩ ገና ሳይሞቅ ቤንዚን በብዛት ስለሚረጭ በዚያን ሰዓት የሚወርደው ይበዛል።

ሞተሩ በደንብ ሲሞቅ ይህ ብዙም አያስቸግርም። ዘይቱ 90 እና 100 ዲግሪ አካባቢ ደርሶ ጥቂት ሲቆይ ውሃውም ቤንዚኑም ይተናሉ። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉልኝ። ዳሽቦርዱ ላይ የሙቀት ማሳያው መሃል ደረሰ ማለት ዘይቱ ሞቀ ማለት አይደለም። መርፌው የሚያሳየው የራዲያተሩን ውሃ ነው። ውሃው ቀድሞ ይሞቃል፣ ዘይቱ ዘግይቶ ነው የሚከተለው። ሦስት ኪሎ ሜትር ነድቶ መኪናውን የሚያቆም ሰው ዘይቱን በደንብ አሙቆት አያውቅም። ውሃው እዚያው ይቀራል። ነገም ይጨመርበታል፣ ከነገ ወዲያም እንዲሁ።

ክረምት ላይ እንዲህ ያለችውን መኪና ኮፈን ከፍታችሁ የዘይት መሙያውን ክዳን ፍቱት። ገልብጣችሁ እዩት። ክዳኑ ሥር ማኪያቶ የመሰለ ወፈር ያለ ነገር ተለጥፎ ታገኛላችሁ። በጣት ሲነካ ይንሸራተታል። ሲያሸቱት ቤንዚን ቤንዚን ይላል። ዘይትና ውሃ ተደባልቀው የሠሩት ነው። ክዳኑ ላይ ብቻ ከሆነና የራዲያተሩ ውሃ የማይጎድል ከሆነ አትደንግጡ፤ አጭር መንገድ በዝቶባታል ማለት ነው። ያው ነገር የዘይት መለኪያው ዘንግ ላይም ከታየ፣ የራዲያተሩም ውሃ የሚጎድል ከሆነ ግን ነገሩ ሌላ ነው። የቴስታታው ጓርኒሲዮን (የሞተሩ ራስ ማሸጊያ) ሄዶ ውሃ ከዘይት ጋር እየተቀላቀለ ሊሆን ይችላል። ያኔ መኪናዋን አታስነሱ፤ መካኒክ ወደ እሷ ይምጣ።

ውሃና ቤንዚን ዘይቱን ያቀጥኑታል፣ አሲድም ይሠራሉ። ዘይት ሲመረት ከመቶ 10 እስከ 25 እጁ ገደማ የሚሆነው ኬሚካል ነው። አንዱ ቆሻሻ ያጥባል፣ ሌላው ቆሻሻው እንዳይረጋ በትኖ ይይዛል፣ ሌላው አሲድ ያከሽፋል፣ ሌላው ብረት ከብረት እንዳይፋቅ ስስ ሽፋን ይሠራል። ያረጀ ዘይት ስንል ያለቁት በዋናነት እነዚህ ናቸው። ዘይቱ መጠኑ ሙሉ ሆኖ፣ በጣት ሲነካም እየለሰለሰ፣ ውስጡ ግን መከላከያ አልቆበት ሊሆን ይችላል። በዓይን አይታይም። ለዚህ ነው ኪሎ ሜትሩ ባይሞላም ጊዜው ሲደርስ ቀይሩ የምለው።

ወደ ሁለተኛው ነገር ልለፍ፤ ሰዓት። ቆጣሪው የሚቆጥረው ጎማ የዞረውን ነው። ዘይቱ ግን መኪናው ቆሞም ቢሆን ሞተሩ እስከዞረ ድረስ ሥራ ላይ ነው። ያ ሚኒባስ በአማካይ በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር ቢሄድ 5 ሺውን በ100 ሰዓት ይጨርሳል። ከተማ ውስጥ እየቆመ እየተነሳ በሰዓት 15 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ታክሲ ግን እዚያው ቁጥር ላይ ለመድረስ ሞተሩ ከ330 ሰዓት በላይ ይሠራል። ከሦስት እጥፍ በላይ ነው። ሁለቱም በር ላይ የተለጠፈው ወረቀት ግን ያው "5 ሺህ" ይላል። መናኸሪያ ቆማችሁ ሰው እስኪሞላ ሞተር የማታጠፉ ወንድሞች፣ ይህን ሒሳብ በደንብ ያዙት። ቆጣሪው ለዚያ ሰዓት አንድም ኪሎ ሜትር አይመዘግብም።

ሦስተኛው አቧራ ነው። በቡና ወቅት ወደ ጎማ ወረዳ፣ ወደ ጌራ፣ ወደ ሊሙ የሚገቡ መኪኖችን ሁኔታ ታውቁታላችሁ። ከፊት የሚሄደው አይሱዙ ያስነሳው አቧራ መሃል ግማሽ ቀን ይዋላል። አቧራ ውስጥ ያለው የአሸዋ ቅንጣት ከብዙው የሞተር ብረት ይጠነክራል። የአየር ፊልትሮው ከተቀደደ ወይም በደንብ ካልገጠመ ያ ቅንጣት ሲሊንደሩ ውስጥ ይገባል፣ ከዚያ ዘይቱ ውስጥ ይገባል፣ ከዚያ ብሮንዚኑን (የሚሽከረከረው ብረት የሚያርፍበትን ስስ ብረት) ይፍቃል። ዘይት በጊዜው እየቀየሩ የአየር ፊልትሮ የሚረሱ ሰዎች ድካማቸው ያሳዝነኛል። የአየር ፊልትሮ በኮምፕሬሰር ሲጸዳ ከውስጥ ወደ ውጭ ነው የሚነፋው። ከውጭ ወደ ውስጥ ከተነፋ አቧራውን መግፋት ይሆናል።

አራተኛው ጭነትና ዳገት ነው። ሶኮሩን አልፎ ወደ ጊቤ ሸለቆ ወርዶ ከማዶ ያለውን ዳገት ሙሉ ጭኖ የሚወጣ መኪና ዘይቱ በእጅጉ ይሞቃል። ሙቀት ዘይትን ያወፍራል፣ ያጠቁራል፣ በመጨረሻም ወደ ዝቃጭ ይለውጠዋል። ይህን ማብራራት ብዙም አያስፈልግም፤ መንገዱን ከእኔ ይልቅ እናንተ ታውቁታላችሁ።

አሁን የመኪናችሁን መጽሐፍ እናንሳ። አብዛኛው አምራች በመጽሐፉ ውስጥ ሁለት ሠንጠረዥ ያወጣል። አንዱ ለተለመደ አነዳድ ነው፣ ሌላው ለከባድ አነዳድ። ከባድ የሚባለው ምንድን ነው? አጭር አጭር ጉዞ፣ ቆሞ ሞተር ማሠራት፣ አቧራማ መንገድ፣ ከባድ ጭነት፣ ዳገት። ልብ ብላችኋል? አሁን እኔ የዘረዘርኩት በሙሉ ነው። እንግዲህ ጅማና ዙሪያዋ የሚነዳ አብዛኛው መኪና፣ ባለቤቱ "እኔ ቀስ ብዬ ነው የምነዳው" ቢልም፣ በመጽሐፉ ቋንቋ ከባድ ሥራ ላይ ነው። የመጀመሪያው ሠንጠረዥ 10 ሺህ ካለ ሁለተኛው ብዙ ጊዜ ግማሹን ይላል። መጽሐፉ በጃፓንኛ ቢሆንም ቁጥሩ ቁጥር ነውና አሳዩና አስነብቡ። የብዙ መኪና መጽሐፍ በእንግሊዝኛ ኢንተርኔት ላይ ይገኛል።

የእኔን አቋም በግልጽ ልናገር። ከተማ ውስጥ ለምትመላለስ የቤት መኪና 5 ሺህ ኪሎ ሜትር ወይም ስድስት ወር፣ ቀድሞ የደረሰው። ቪትዟ በስድስት ወር ውስጥ 2 ሺህ ብቻ ብትሄድም ይቀየር። ቀኑን ሙሉ ከተማ ውስጥ ለሚሠራ ታክሲ ተራ ዘይት ከሆነ ከ4 ሺህ ባያልፍ እመርጣለሁ። አገር አቋራጭ ለሚሄድ፣ ሞተሩ ጤነኛ ለሆነ፣ ጥሩ ሲንቴቲክ (በኬሚካል ሂደት የተሠራ) ዘይት ለሚጠቀም መኪና ግን 5 ሺህ ላይ መጣል ገንዘብ መጣል ነው። መጽሐፉ 10 ሺህ ካለ እስከ 7 እና 8 ሺህ ያለ ሥጋት ይሂድ። ቶሎ ቶሎ ቀይሩ የሚል ምክር ሁሉ ትክክል አይደለም። ዘይት ውድ ነው፣ በውጭ ምንዛሪ ነው የሚገባው።

ቆጣሪው የቆመ መኪና ያላችሁስ? ብዙ እንደሆናችሁ አውቃለሁ። ለእናንተ የምመክረው ነዳጅ መቁጠር ነው። እንዲያውም ለሁሉም የምመክረው ይህንን ነው። ሞተሩ ቆሞ ቢሠራም፣ ዳገት ቢወጣም፣ ቢጭንም፣ ድካሙ ሁሉ ነዳጁ ላይ ይታያል። በ100 ኪሎ ሜትር 8 ሊትር የምትጠጣ መኪና 5 ሺህ ለመሄድ 400 ሊትር ትፈልጋለች። ያችው መኪና ከተማ ውስጥ እየቆመች እየተነሳች 12 ሊትር ብትጠጣ 400 ሊትሩ የሚያልቀው 3,300 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ነው። ሳታስቡት ልኩ ላይ አደረሳችሁ ማለት ነው። ስለዚህ ለትንሽ የቤንዚን መኪና 400 ሊትር ሲሞላ ዘይት ቀይሩ። ዛሬ ነዳጅ የምንቀዳው በቴሌብርና በመሳሰሉት የስልክ ክፍያዎች ስለሆነ የከፈላችሁት ስልካችሁ ላይ ተመዝግቦ ይቀመጣል። ብሩን ለሊትሩ ዋጋ አካፍሉት፣ ደምሩት፣ አለቀ። ስድስት ወሩ ግን እዚህም ይሠራል።

ስለ ቀለም አንድ ነገር ልበል። "ዘይቱ ጠቁሯል፣ ይቀየር" የሚባለው በናፍጣ ሞተር አይሠራም። ናፍጣ ሲቃጠል ጥላሸት ስለሚያወጣ አዲስ ዘይት በጥቂት ቀን ውስጥ ጥቁር ይሆናል። መጥቆሩ ዘይቱ ጥላሸቱን በትኖ መያዙን ነው የሚያሳየው። ሥራውን እየሠራ ነው። ይልቅስ ይህን ሞክሩ። ሞተሩ ሞቆ ሳለ አጥፉትና ከመለኪያው ዘንግ አንድ ጠብታ ነጭ ወረቀት ላይ ጣሉ። ሌሊቱን ይደር። ጠዋት ስታዩት ከመሃል ወደ ዳር እየሳሳ የተሰራጨ ክብ ከሆነ ዘይቱ ገና ቆሻሻ የመያዝ አቅም አለው። መሃሉ ላይ ጥቅጥቅ ያለ ጥቁር ነጥብ ቆሞ፣ ዳሩ በመስመር እንደተቆረጠ ሆኖ፣ ውጭው ላይ ቢጫ ዘይት ብቻ ከፈሰሰ ግን ቆሻሻው መርጋት ጀምሯል። ወረቀቱ ላብራቶሪ አይተካም። ግን ቀለም አይቶ ከመገመት በብዙ ይሻላል።

"የእኔ ሞተር ዘይት ይበላል፣ በየሳምንቱ እጨምርለታለሁ፣ ስለዚህ ራሱን በራሱ ይቀይራል" የሚሉም አሉ። ወንድሞቼ፣ ይህ አይሠራም። የተቃጠለው ዘይት ይሄዳል፣ ቆሻሻው ግን ይቀራል። ፊልትሮውም አልተቀየረም። እንዲህ ያለ መኪና ዘይቱ ከጤነኛው ቀድሞ እንጂ ዘግይቶ መቀየር የለበትም።

የትኛውን ዘይት? እዚህ ላይ ሁለት ነገር አንብቡ። አንደኛው ውፍረቱ ነው፤ 5 ደብሊው 30፣ 15 ደብሊው 40፣ 20 ደብሊው 50 የሚለው። የፊተኛው ቁጥር በብርድ ያለውን ባሕርይ ይናገራል፣ የኋለኛው በሙቀት ያለውን። 20 ደብሊው የሚለው ዘይት እንኳ ከዜሮ በታች እስከ 15 ዲግሪ ባለ ብርድ ሞተር እንዲያስነሳ ተብሎ የተለካ ነው። ጅማ እንዲያ ያለ ብርድ የለም። ቢሆንም የፊተኛው ቁጥር ሲያንስ ዘይቱ በማለዳ ቶሎ ወደ ላይኛው የሞተሩ ክፍል ይደርሳል። ብዙ መፋቅ የሚደርሰው ደግሞ በዚያች የማስነሻ ሰዓት ነው። "ወፍራም ይሻላል" የሚባለው ላረጀ ሞተር ልክ ሊሆን ይችላል። አዲስ የጃፓን ሞተር ግን የዘይት መተላለፊያው ጠባብ ስለሆነ መጽሐፉ 5 ደብሊው 30 ካለ 20 ደብሊው 50 አትጨምሩበት።

ሁለተኛው የጥራት ደረጃው ነው። የአሜሪካ ፔትሮሊየም ኢንስቲትዩት ያወጣው ነው፤ ጣሳው ላይ ኤ ፒ አይ ይላል። በኤስ የሚጀምረው ለቤንዚን ነው፣ በሲ የሚጀምረው ለናፍጣ። ከፊደሉ ቀጥሎ ያለው ፊደል በእንግሊዝኛው ፊደል ተራ ወደ መጨረሻው በቀረበ ቁጥር የዘይቱ ደረጃ አዲስ ነው። ኤስ ፒ በ2020 እ.ኤ.አ. የወጣ ነው። ኤስ ኤፍ የሚለው ግን ከ1988 እ.ኤ.አ. በኋላ ለተሠሩ አብዛኞቹ የቤንዚን ሞተሮች አይሆንም። ርካሽ ነው ተብሎ ለ2008ቱ ቪትዝ ሲገዛ ስታዩ ዝም አትበሉ። ለናፍጣ ሞተር ሲ አይ 4 ወይም ሲ ኬ 4 የሚለውን ፈልጉ። እነዚህን ፊደሎች ማንበብ ከጣሳው ቀለምና ከሻጩ ምላስ ይበልጣል።

ስለ ሐሰተኛ ዘይትም ልናገር፤ ይህ ነገር ያበሳጨኛል። አገልግሎት ላይ የዋለ ዘይት ተጣርቶ በእውነተኛ ጣሳ ተሞልቶ ሲሸጥ ተጎጂው የቀን ሠራተኛው ሹፌር ነው። ከምታውቁት ማደያ ወይም ከወኪል ግዙ። ክዳኑ ሲከፈት ቀለበቱ መበጠስ አለበት። ዘይቱ ተቀይሮ ሲያልቅ ባዶውን ጣሳ ለማንም አትስጡ፤ በቢላ ቀድዳችሁ ጣሉት። ሐሰተኛ ዘይት የሚሠራ ሰው ከሁሉ በላይ የሚፈልገው ንጹሕ ባዶ ጣሳ ነው።

ጋራዥ ስትሄዱ መኪናዋን ጥላችሁ ሻይ ልትጠጡ አትሂዱ። ቆማችሁ እዩ። ሞተሩ ሞቅ ብሎ ነው ዘይቱ የሚወርደው፤ ሙቅ ዘይት ቆሻሻውን ይዞ ይወጣል። ፊልትሮው ከዘይቱ ጋር አብሮ ይቀየር። ሁልጊዜ። አራት ሊትር አዲስ ዘይት ገዝቶ አሮጌ ፊልትሮ ማስቀረት ምን ይባላል? ፊልትሮ ሲደፈን በውስጡ ያለው ማሳለፊያ ይከፈትና ዘይቱ ሳይጣራ ያልፋል። አሮጌው ሲፈታ ጎማው ሞተሩ ላይ ተለጥፎ እንዳልቀረ ይታይ። አዲሱ ላይ ጎማው በዘይት ይቀባ፣ በእጅ ይጥበቅ። በቁልፍ ማጥበቅ ጎማውን ያበላሸዋል፣ በሚቀጥለውም ለመፍታት ያስቸግራል። "ሞተሩን በናፍጣ እንጠበው" ካሏችሁ እምቢ በሉ። ናፍጣው ሙሉ በሙሉ አይወጣም፣ የቀረው አዲሱን ዘይት ያቀጥነዋል።

ከተሞላ በኋላ ሞተሩ ጥቂት ሠርቶ ይጥፋ። አምስት ደቂቃ ጠብቁና ደልዳላ ቦታ ላይ ለኩ። ከላይኛው ምልክት ማለፍ የለበትም። ትርፍ ዘይት ጥቅም የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። ትርፉ በሚሽከረከረው ብረት ተመትቶ አረፋ ይሆናል፤ አረፋ ደግሞ ብረት አያለሰልስም። ከዚያ በኋላ በሳምንት አንድ ቀን ጠዋት ሞተር ሳታስነሱ ለኩ። ዳሽቦርዱ ላይ ቀይ የዘይት መብራት እየነዳችሁ ከበራ ቅርብ ጋራዥ እስክትደርሱ አትበሉ። ወዲያው ዳር ያዙና አጥፉ። መብራቱ የሚናገረው የዘይት ግፊት መጥፋቱን ነው፣ ሞተሩ በዚያ ሁኔታ ለመንከስ (ብረቱ ተጣብቆ ለመቆም) ደቂቃዎች ይበቁታል።

የወጣውን ዘይት የት ነው የምትደፉት? ይህን ጥያቄ በተለይ ለጋራዥ ወንድሞቼ ነው የማነሳው። የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት እንደሚለው ከአንድ መኪና አንድ ጊዜ የሚወጣ ዘይት አንድ ሚሊዮን ጋሎን፣ ወደ 3.8 ሚሊዮን ሊትር ውሃ ሊበክል ይችላል። እኛ ደግሞ አዌቱ ወንዝ ከተማችንን ሰንጥቆ ያልፋል። ጅማ በዓመት 1,500 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናብ ታገኛለች፤ መሬት ላይ የተደፋ ነገር ሁሉ ታጥቦ ወደ ወንዙ ይወርዳል። ከታች ከብት ይጠጣል፣ ሰው ይታጠባል። በርሜል አዘጋጁ፣ ክዳን ይኑረው፣ ውሃ አይግባበት። ምስጥ እንዳይበላው እንጨት የሚቀቡበት ሰዎች አሉ፤ ከጉድጓድ ውሃና ከጓሮ አትክልት አርቀው ያድርጉት። የተቃጠለ ዘይት ካንሰር የሚያመጡ ነገሮች አሉበት። ስለዚህ እጃችሁን በቤንዚን ሳይሆን በሳሙና ታጠቡ፣ ዘይት የጠጣ ጨርቅ ኪሳችሁ ውስጥ አትያዙ። ልጆች ናችሁ፤ ገና ብዙ ዓመት ትሠራላችሁ።

ከዚህ በኋላ ጥያቄ ተቀበልኩ። ከሁሉም ሦስቱን ልጻፍ።

አንድ ወጣት ተነሥቶ "ጋሼ፣ ስለ መኪና ብቻ ነው ያወሩት። የባጃጅስ?" አለኝ። ልክ ነህ ወንድሜ። የባጃጅ ዘይት መጠኑ ትንሽ ነው። ትንሽ ዘይት ቶሎ ይቆሽሻል፣ ቶሎም ይሞቃል። ጥቂት ሲጎድል መኪና ላይ ብዙም የማይታወቀው እዚያ ላይ ከባድ ጉዳት ያደርሳል። ስለዚህ ባጃጅ ላይ ከመጽሐፉ ቁጥር አታሳልፍ፣ መጠኑንም በየማለዳው እይ። ሌላው፣ ያው ዘይት ማርሹንና ፍሪሲዮኑንም ያለሰልሳል። ለመኪና ተብሎ የተሠራ አንዳንድ ዘይት ፍሪሲዮኑን ያንሸራትተዋል። ጣሳው ላይ ጃሶ ኤም ኤ የሚለውን፣ ለሞተር ሳይክል የተሠራውን ግዛ።

አንዲት እናት ደግሞ እንዲህ አሉ፤ "አንዴ ሲንቴቲክ ከተደረገ ወደ ተራው መመለስ ሞተር ያበላሻል ይሉኛል። እውነት ነው?" እውነት አይደለም እትዬ። ውፍረቱና ደረጃው መጽሐፉ ከሚለው ጋር ከተስማማ ሲንቴቲክም ተራም ይቀላቀላሉ፣ መመለስም ይቻላል። ለውጡ የመቀየሪያው ጊዜ ላይ ነው። ወደ ተራው ከተመለሱ ቀኑንም ያሳጥሩት። ደግሞም ሲንቴቲክ አቧራና ውሃ አይከለክልም። የእርስዎ መኪና ከቤት ገበያ ብቻ ከሆነ ስድስት ወር ሲሞላ ሲንቴቲኩም ይቀየራል። በወር አንድ ሁለት ጊዜ ደግሞ አጋሮ ድረስ አንድ ሰው ይንዳልዎት፤ ያ መንገድ ዘይቱን በደንብ ያሞቀውና ውሃውን ያስወጣል።

የመጨረሻው ጥያቄ ሰሞኑን መኪና የገዛ ሰው ያነሳው ነበር። "ሻጩ ዘይቱን አሁን ነው የቀየርኩት ብሎኛል፣ ልመነው?" አለ። ሻጩን እመነው፣ ዘይቱን ግን ቀይረው። ምን ዓይነት እንደሆነ፣ ፊልትሮው መቀየሩን፣ ከየት እንደተገዛ አታውቅም። በጥሩ ዘይትና በአዲስ ፊልትሮ ጀምር። አዲስ ዘይት ለዓመታት የተለጠፈውን ዝቃጭ ቀስ ብሎ ስለሚያላቅቅ የመጀመሪያውን 5 ሺህ ድረስ አትሂድበት። ከ1,000 እስከ 1,500 ኪሎ ሜትር ባለው ውስጥ ከነፊልትሮው ድገመው። የሁለተኛው ጊዜ ዘይት ሲወርድ ራስህ ቆመህ እይ። ከታች የሚገኘው ቡሎን ጫፍ ላይ ማግኔት ካለው ጥረገውና ጣትህ ላይ አሸው። ልስልስ ያለ ግራጫ ጭቃ ከሆነ የተለመደ መፋቅ ነው። በጥፍርህ የምታነሳው የብረት ስንጥር ካገኘህ ግን መኪናዋን ሳታስነሳ ለመካኒክህ አሳየው።